ካታላይዘሩ ምን አጠፋ?

ያረጀ የቤንዚን መኪና ‹ቼክ ኢንጂን› አብርቶ ኮምፒውተሩ ‹ፒ0420› የሚል ኮድ ሲያወጣ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ጋራዦች ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር በግራይንደር ይቆረጣል፤ በሆዱ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ተጎልጉሎ ይወጣና ባዶው ቆርቆሮ ተመልሶ ይበየዳል። የኋለኛው የኦክስጅን ሴንሰርም ጭሱን በቅጡ እንዳያይ ከቱቦው የሚያርቀው ክፍት ብሎን ይገባለታል። መብራቱ ይጠፋል። ሴራሚኩን የሚገዛ ስላለ ባለመኪናው ጭራሽ ገንዘብ ተቀብሎ ሊሄድ ይችላል።

ባለመኪናውም መካኒኩም ገዢውም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። የሚጎዳው ከመኪናው ኋላ የሚተነፍሰው መንገደኛ ነው። ባለመኪናውም ቢሆን ደስታው አይዘልቅም። ካታላይዘር ያለ ምክንያት እምብዛም አይሞትምና፣ የገደለው ብልሽት ሞተሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ አሁን ግን የሚናገርበት መብራት የለውም።

እርሳሱ ለምን ወጣ?

ካታላይዘር የመጣው በሕግ ግፊት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ያጸደቀችው የንጹሕ አየር ሕግ አምራቾችን አስገደደና፣ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ካታላይዘር ይዘው ወጡ። በሴራሚኩ ላይ በስሱ የተቀቡት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ሦስት መርዛማ ነገሮችን ይለውጣሉ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን። የሚወጣው በአብዛኛው ውሃ፣ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ግን እነዚህን ማዕድናት ይለብሳቸውና ከሥራ ውጪ ያደርጋቸዋል። እርሳስ የሌለው ቤንዚን በአሜሪካ ማደያዎች እንዲሸጥ የተደረገበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነበር። በእኛ አህጉር እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር የተደረሰው ስምምነት መንገዱን ጠረገ፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2005 መጨረሻ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተሰናበቱ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ስታቆም ምዕራፉ በዓለም ደረጃ ተዘጋ። ነዳጁ ለካታላይዘሩ ተስማሚ እንዲሆን ይህን ያህል ዓመት ተደክሞ፣ ዛሬ ካታላይዘሩን በግማሽ ሰዓት ቆርጠን እንጥላለን።

ሁለቱ ሴንሰሮች

ካታላይዘር በደንብ የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው። አንደኛ መጋል አለበት፤ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሥራው ደካማ ነው። ሁለተኛ የአየርና የቤንዚን ምጣኔ መጠበቅ አለበት፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ገደማ። ይህን ምጣኔ የሚጠብቀው ከካታላይዘሩ ፊት ያለው ሴንሰር ነው። በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እያነበበ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ይህ ለአዲስ አበባ ትርጉም አለው። ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖች ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከሉ እዚህ ሲመጡ ቤንዚን ይበዛባቸዋል። ኢንጀክተር ያላቸው ግን በሴንሰሮቻቸው እየተመሩ ራሳቸውን ያርማሉ። የፊቱ ሴንሰር ካረጀ ወይም ከሞተ እርማቱ ይዛባል፤ መኪናው ቤንዚን ይጠጣል፤ ጥላሸቱና ሙቀቱ ካታላይዘሩ ላይ ይወርዳል።

የኋለኛው ሴንሰር ሥራ በዋናነት መታዘብ ነው። በተለመደው ዓይነት የፊተኛው ሴንሰር ቮልቴጅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ካታላይዘሩ ጤነኛ ከሆነ የኋለኛው 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ይቆማል። የፊተኛውን እየተከተለ መዋዠቅ ከጀመረ ኮምፒውተሩ ‹የካታላይዘሩ አቅም ወርዷል› ብሎ ‹ፒ0420› ይጽፋል። ኮዱ ማን እንዳደከመው አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ከፊት የሚይዙት ‹ኤር ፊውል ሴንሰር› የሚባለውን ነው። መልኩና ጥርሱ ተራውን የኦክስጅን ሴንሰር ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ‹ልኩ ገባ› ተብሎ የተገዛ ተራ ሴንሰር እዚያ ቦታ ላይ ቢታሰር ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከመልክ ይልቅ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመሳከር ይሻላል።

ካታላይዘር የሚገድለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ዘይት የሚበላ ሞተር ነው። የፒስተን ፋሻ ሲያልቅ ወይም የቫልቭ ጎማዎች ሲደርቁ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በዘይት ውስጥ ያሉት ፎስፈረስና ዚንክ ማዕድናቱን ቀስ በቀስ ይሸፍናሉ። የቀድሞዎቹ የቶዮታ 1.8 ሊትር ‹1ዜድዜድ› ሞተሮች ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ካታላይዘር መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሁለተኛው የማይተኩስ ሲሊንደር ነው። ካንዴላ ሲያልቅ ወይም ቦቢና ሲደክም ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነዳል። ሙቀቱ ሴራሚኩን እስከማቅለጥ ይደርሳል፤ የቀለጠው መተላለፊያውን ይዘጋና መኪናው ዳገት አልወጣ ይላል። ‹ቼክ ኢንጂን› ብልጭ ድርግም የሚለው ሲሊንደር ሳይተኩስ ሲቀር ነው። ዝም ብሎ የበራ መብራት ቀጠሮ ይሰጣል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ጥግ ያዝና አቁም ማለቱ ነው።

ሦስተኛው የቴስታታ ጋስኬት ሲበላ ወደ ሲሊንደር የሚገባው የራዲያተር ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ያለው ኬሚካል ሴንሰሩንም ካታላይዘሩንም ያበላሻል። ከዚህ ሌላ ድንጋይ የመታው ወይም ግሎ ሳለ ጎርፍ ውስጥ የገባ ሴራሚክ ይሰነጠቃል፤ በሚኒሞ ሲሠራ ከሥር የሚንኳኳ ድምፅ ምልክቱ ነው።

የተሳሳተ ውንጀላም አለ። ከሴንሰሩ በፊት ማርሚታው ወይም ማኒፎልዱ ተሰንጥቆ አየር ቢስብ፣ ሴንሰሩ የሌለ ኦክስጅን ያያል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን አነሰ ብሎ ይጨምራል። የብየዳ ሥራ የሚያድነው መኪና በዚህ ምክንያት ካታላይዘሩን ያጣል።

ከመቁረጥ በፊት

የምርመራው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ ቢሄድ ይመረጣል። ኮዱን አንብቦ መጻፍ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥቶ የጭስ ማፈትለኪያ መፈለግ፤ ካንዴላና ቦቢና ማየት፤ በሁለት ሰርቪስ መካከል ስንት ዘይት እንደተጨመረ መቁጠር። ‹ፒ0135› ወይም ‹ፒ0141› ካለ የጎደለው የሴንሰሩ ማሞቂያ ሊሆን ስለሚችል ፊውዙንና ሽቦውን ማስቀደም። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ የሁለቱን ሴንሰሮች ንባብ በስካነር ላይ ጎን ለጎን ማየት። መኪናው ጉልበት ካጣ የፊቱን ሴንሰር አውጥቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ማስገባት ካታላይዘሩ መታፈኑን ያሳያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካታላይዘሩ በእርግጥ ሞቶ ከተገኘ መቀየር አለበት። ችግሩ ዋጋው ነው። አዲሱ ብዙ ሰው የሚደፍረው አይደለም፤ አሮጌው ደግሞ ያወጣል። የሮዲየም ገበያ እ.ኤ.አ. በ2021 ጣሪያ ሲነካ ዋጋው በወቄት ከ29 ሺሕ ዶላር አልፎ ነበር። በአሜሪካ ሌቦች ከቆመ መኪና ሥር ገብተው መጋዝ ጀመሩ፤ ቶዮታ ፕሪየስ ቀዳሚ ዒላማቸው ነበር። በዋሽንግተን፣ በሲያትልና በሎስ አንጀለስ ፕሪየስ ይዘው ታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችን ጠዋት ሲያስነሡ የሚሰሙት ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በአምስት ግዛቶች 21 ሰዎች መያዛቸውን ወይም መከሰሳቸውን ሲያስታውቅ እንዲወረስ የጠየቀው ሀብት ከ545 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

እዚያ ግን ሕጉ ሁለቱንም ጫፍ ይይዛል። ጋራዥ ካታላይዘር ነቅሎ ቢጥል በፌዴራል ሕግ ይቀጣል፤ በካሊፎርኒያ ዓይነቱ ግዛት መኪናው የጭስ ምርመራ ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም። አምራቹም ለካታላይዘሩ የ8 ዓመት ወይም የ80 ሺሕ ማይል ዋስትና እንዲሰጥ ይገደዳል።

ቦሎው ምን ይለካል?

እኛ ሕግ አላጣንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም.፣ የተሽከርካሪ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ወጥተዋል። በየዓመቱ ቦሎ ለመውሰድ መኪና ይመረመራል። ነገር ግን ዓይናችን የለመደው የናፍጣ መኪና የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ነው። ካታላይዘሩ የተጎለጎለ ቤንዚን መኪና ከኋላው ምንም ላይታይበት ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በዓይን የሚደረግ ፍተሻ ይህን መኪና ንጹሕ ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም ወደፊት የሚመጣውን መኪና ያስተካክላሉ። አሁን መንገድ ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ግን ምትኩ ስለተወደደ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። ስለዚህ የከተማው አየር ለብዙ ዓመታት የሚወሰነው በጋራዥ ውስጥ በሚሰጥ ፍርድ ነው።

ሊደረግ የሚችለው ሩቅ አይደለም። የጋዝ መለኪያው በእያንዳንዱ ቤንዚን መኪና ማርሚታ ገብቶ በሚኒሞና በደቂቃ በ2500 ዙር ይለካ፤ ቁጥሩም በባለመኪናው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ካታላይዘር የሚገዛ ነጋዴ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ይመዝግብ። በምትክነት ለሚገባ ካታላይዘርና ሴንሰር ደግሞ የቀረጥ ማቅለያ ይታሰብ፤ መቁረጥ ከመጠገን እስከረከሰ ድረስ ምክር ብቻውን ማንንም አይመልስምና። ባለመኪናው በበኩሉ ጋራዥ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ‹ይህን የገደለው ምንድን ነው?› መልስ የሌለው መካኒክ ግራይንደሩን ባያነሣ ይሻላል።