የሻከረው ጊታርና ማይክሮፎኑ

የኤሌክትሪክ ጊታር ሻክሮና ጎርንኖ ሲጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ነገሩ በእውነትም የተጀመረው ከብልሽት ነውና። በ1951 በአሜሪካ፣ በሜምፊስ ከተማ፣ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር ጉዳት ደርሶበት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ቀረጻውን ለሌላ ቀን ከማዘዋወር ይልቅ በተጎዳው ስፒከር ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቆ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ የወጣው ሻካራ ድምፅም ለዘፈኑ ጌጥ ሆነለት።

ሁለተኛው ታሪክ የናሽቪል ከተማ ነው። በ1961 ለገበያ በዋለው «ዶንት ዎሪ» በተሰኘው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ውስጥ ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው የባስ ጊታር እንደ ተርብ ጥዝ ሲል ይሰማል። ምክንያቱም በስቱዲዮው የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ውስጥ አንዱ ቅድመ ማጉያ በመበላሸቱ ነበር። መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ይህንኑ ብልሽት ሆነ ብሎ የሚፈጥር ትንሽ መሣሪያ ሠራ፤ በ1962ም «ማስትሮ ፈዝ ቶን» ተብሎ መሸጥ ጀመረ። ሦስተኛው ታሪክ በ1968 በለንደን የሆነው ነው። ቢትልሶች «ሪቮሉሽን» የተባለውን ዘፈን ለነጠላ ሸክላ ሲቀርጹ ጊታራቸውን ያለ አምፕሊፋየርና ያለ ማይክሮፎን በቀጥታ ከጠረጴዛው ጋር አገናኝተው፣ አንዱን ቅድመ ማጉያ በሌላው ላይ ደርበው ከልክ በላይ አስጮኹት።

እነዚህን ታሪኮች ያነሣነው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። ዛሬ ጊታሩን በቤቱ ወይም በትንሽ ስቱዲዮ ለመቅረጽ የሚነሣ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ማይክሮፎን፣ የትኛውንስ ፕሪአምፕ ልግዛ?» ብሎ ነው። ከዚህ ጥያቄ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ድምፁ የሚሻክረው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው። በናሽቪልና በለንደን ድምፁን ያሻከረው ቅድመ ማጉያው ስለ ሆነ፣ እርሱ ራሱ እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ይቆጠር ነበር። በሜምፊስ ግን ድምፁ ገና ማይክሮፎኑ ዘንድ ሳይደርስ አልቆ ነበር። የዛሬዎቹም ጊታሪስቶች አብዛኛዎቹ ድምፃቸውን የሚያሻክሩት በአምፕሊፋየሩና በፔዳሉ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ማይክሮፎኑ ምስክር፣ ፕሪአምፑም የምስክሩን ቃል አድራሽ ነው እንጂ ከዚህ አያልፍም። ገንዘብን በየትኛው ላይ ማዋል እንደሚገባ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

አንድ አምፕሊፋየር ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠውም ሞገድ ቀድሞ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። 12 ኢንች ስፋት ያለው የጊታር ስፒከር ግን በሴኮንድ ከ5,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አብዛኛውን አያሳልፍም። ስለዚህ ስፒከሩ እንደ ወንፊት ሆኖ የማይፈለገውን ያስቀራል። ይህን ወንፊት ዘልሎ የተቀረጸ ሻካራ ጊታር እንደ ንብ መንጋ ጆሮ የሚበላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ማይክሮፎኖቹ እንምጣ። ዳይናሚክ ከሚባሉት ዝነኛው በ1965 የወጣው ሹር ኤስ ኤም 57 ነው። ዋጋው መቶ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ኀይለኛ ድምፅ ቢጮኽበትም አይበገርም። በሴኮንድ ከ5,000 እስከ 6,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ከሌላው ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚያሰማ ጊታሩ በከበሮና በዘፋኝ መካከል ተሸፍኖ እንዳይቀር ይረዳዋል። ነገር ግን ጊታሩ ከመጀመሪያውም ስለታም ከሆነ ይኸው ጠባዩ ጆሮ መውጋት ይሆናል።

ሁለተኛው ወገን ሪቦን የሚባለው ነው። በውስጡ ያለው የብረት ጥብጣብ እጅግ ስስ ነው፤ በ1998 በወጣው ሮየር አር 121 ውስጥ ያለው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለ400 ቢከፈል አንዱን እጅ ያህላል። ስለታሙን ድምፅ ያለሰልሳል፤ ወፍራሙንም ሞላ አድርጎ ያሰማል። ሆኖም ዋጋው ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ እፍ ሊሉበትም ሊጥሉትም አይገባም። ሦስተኛው ኮንዴንሰር ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ በ1967 የወጣው ኖይማን ዩ 87 ነው። ጥቃቅኑን ድምፅ ሁሉ ለቅሞ የሚይዝ በመሆኑ ከስፒከሩ ሥር ሲደቀኑት የሻካራውን ጊታር ጩኸት ያበዛዋል፤ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ አርቀው ሲያቆሙት ግን የክፍሉን ድምፅ አብሮ ስለሚያመጣ ለጊታሩ ግርማ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ማይክሮፎን የሚመረጠው በዋጋው ከፍታ ሳይሆን የጊታሩ ድምፅ በጎደለው ነገር ነው። ድምፁ ለደበዘዘበት ኤስ ኤም 57፣ ለተሳለበት ሪቦን ይስማማዋል።

ከምርጫው ይልቅ የሚበልጠው ግን አቀማመጡ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ማይክሮፎኑ በስፒከሩ እምብርት ፊት ለፊት ሲቆም ድምፁ ብሩህና ስለታም ይሆናል፤ ወደ ዳር ሲሄድ እየጨለመና እየለሰለሰ ይመጣል። በጣም ሲቀርብ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል፤ ሲርቅ ይሳሳል። ሁለት ጣት ያህል ማንቀሳቀስ ብቻ ሌላ ማይክሮፎን የተገዛ ያህል ለውጥ ያመጣል። ጥሩው ዘዴ አንዱ ጊታሩን ሲጫወት፣ ሌላው በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጠ ማይክሮፎኑን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ነው።

በሁለት ማይክሮፎን መቅረጽ የሚፈልግም አንድ ነገር ልብ ይበል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክሮፎን ከሌላው በ3.4 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ድምፁ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው በሴኮንድ አንድ ዐሥር ሺህኛ ዘግይቶ ነው። ይህ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በሴኮንድ 5,000 ጊዜ ለሚርገበገበው ድምፅ አንዱ ሲገፋ ሌላው እንዲስብ ያደርገዋል። ሁለቱ ሲደመሩም ያ ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ የሁለቱ ፊት እኩል ይሁን። ከዚያም የአንዱን ሞገድ የሚገለብጠውን ቁልፍ ተጭኖ ማዳመጥ ነው፤ ሲጫኑት ድምፁ ከቀጠነ የቀድሞው አቀማመጥ ትክክል ነበር።

የፕሪአምፑ ነገር በሒሳብ ቢታይ ይሻላል። አንድ አምፕሊፋየር ከቅርብ በ114 ዴሲቤል ቢጮኽ፣ ኤስ ኤም 57 የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ኀይል 16 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የቀረጻ መሣሪያዎች የሚፈልጉት 1.2 ቮልት ያህል ስለ ሆነ፣ ቅድመ ማጉያው 80 ጊዜ ያህል ቢያባዛው ይበቃል። በዚያው ማይክሮፎን ፊት አንድ ሰው በ70 ዴሲቤል ቀስ ብሎ ቢናገር ግን ከ10,000 ጊዜ በላይ ማባዛት ያስፈልጋል። ርካሽ ፕሪአምፕ ሽሽታውን የሚያሰማው እንዲህ በብዙ ሲያባዛ ነው እንጂ በሚጮኽ ጊታር ጊዜ አይደለም። ስለዚህ በትንንሾቹ የኮምፒዩተር የድምፅ ካርዶች ውስጥ ያለው ቅድመ ማጉያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በ1970 የወጣው ኒቭ 1073 በትራንስፎርመሮቹ አማካይነት ለድምፁ ወዝ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ በአምፕሊፋየር ተጨቁኖ ለመጣ ጊታር ያ ወዝ በማይክሮፎኑ የሁለት ጣት መንቀሳቀስ ከሚገኘው ለውጥ ያነሰ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይቀራል። በኮምፒዩተር ሲቀርጹ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል፤ ጣሪያውን የነካ ዲጂታል ድምፅ የሚያሰማው ሻካራነት ከአምፕሊፋየሩ ሻካራነት ጋር አይስማማምና። ሻካራነቱም ራሱ በክፍል ውስጥ ደስ ከሚለው ጥቂት ቢቀነስ ይበጃል፤ ያንኑ ዜማ ሁለት ጊዜ ቀርጸው ሲደራርቡት ድምፁ በራሱ ይወፍራልና።

ጎረቤቱን ፈርቶ አምፕሊፋየር ማስጮኽ የማይችል፣ የስፒከርንና የማይክሮፎንን ጠባይ በሚመስል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይቀርጽ ይሆናል። እርሱም ቢሆን በመስኮቱ ላይ የሚቀርብለት ምርጫ ይኸው ነው፤ ኤስ ኤም 57 ወይስ ሪቦን፣ እምብርት ወይስ ዳር። የማያውቀውን ሲመርጥ ያመሻል፤ የሚያውቅ ግን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል።

እንግዲህ ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለሚገዛ ወጣት የወጪው ተራ ይህ ነው። በመጀመሪያ ጥሩ ስፒከር፤ ቀጥሎ አንድ ኤስ ኤም 57 ከጠንካራ ማቆሚያ ጋር፤ ዐቅም ሲገኝ ሪቦን፤ ውድ ፕሪአምፕ በመጨረሻ። ተራውን አዛብቶ በፕሪአምፑ መጀመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እስከዚያው ድረስ ባለው ማይክሮፎን አንዱን ዜማ በዘጠኝ ልዩ ልዩ ቦታ እያቆመ ይቅረጽ፤ የእያንዳንዱንም ልክ በደብተሩ ይጻፍ፤ ከዚያም አድሮ ባረፈ ጆሮው ያዳምጠው። ከዘጠኙ የትኛውን እንደሚመርጥ ራሱ የሚያውቅ ሰው፣ የሚቀጥለውን ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያወጣ የሌላ ሰው ምክር አያስፈልገውም።