ፊልሙ የት ይቀመጥ? ከካሴት እስከ ቤት ውስጥ ሰርቨር

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በቦሩ ሜዳ ዘፈንም ሆነ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የመጣው በሰው እጅ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት ይመጣል፤ ሌላው ሱቅ ሄዶ ያስጭናል፤ ሌላው ደግሞ ከጎረቤቱ ይገለብጣል። ዕቃው በየዘመኑ ተቀያየረ እንጂ መንገዱ ብዙም አልተለወጠም። ዛሬ ራውተር ላይ ተሰክቶ ለቤቱ ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ፊልም የሚያድል ሳጥን ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ያለፉት ዕቃዎች የት የት ላይ እንደከዱን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ካሴት ለወሎ ባለውለታ ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት መጠሪያ በሆኑበት አገር፣ የወሎ ላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ሲያፈራ፣ ዜማውን ገጠር ድረስ ያደረሱት ራዲዮና ካሴት ናቸው። መንዙማውም በካሴት እየተቀዳ ከቤት ቤት ዞሯል። ካሴት ደብዳቤም ነበር። ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው ቤተሰቦች ድምፃቸውን ቀድተው ይልኩ ነበር፤ እናት ስለ አዝመራው፣ ስለ ጎረቤቱ ሰርግና ሐዘን ታወራለች፤ ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል። የዘፈን ካሴት ቢጠፋ ሌላ ቤት ይገኛል፤ ይህ ግን ቅጂ የለውም። ስለ ማከማቻ ሲነሳ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወሬው ሁሉ ግን ስለ ፊልም ነው።

በ1990ዎቹ ቪሲዲ ተስፋፋ። አንዱ ሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙ በሁለት ሲዲ ይመጣ ነበር። ዲቪዲው 4.7 ጊጋባይት ስለያዘ ያንን ችግር ፈታው። የሰርግ ቪዲዮም ከቪዲዮ ካሴት ወደ ሲዲ ዞረ። ያን የሰርግ ሲዲ ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። የሙሽሮቹ ፎቶ የታተመበት ወረቀት ጠርዙ ላይ ተልጧል፤ ሲላጥም ከሥሩ ያለውን የብር ቀለም ይዞ ተነስቷል። ብርሃን ላይ ሲያዝ ወንፊት ሆኖ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለታችኛው አንጸባራቂ ገጽ ነው፤ የሲዲው መረጃ ግን ያለው እዚያው ከፎቶው ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። እሱ ከተነሳ የሚመልሰው ባለሙያ የለም።

ፍላሽና ሜሞሪ ነገሩን ሁሉ አቀለሉት፤ ቴሌቪዥኑም የዲሽ ሪሲቨሩም ፍላሽ አነበቡ። ችግራቸው አስመስለው የተሠሩት መብዛታቸው ነው፤ ላያቸው ላይ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጣቸው ከዚያ በታች ይሆናል። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቦታ እያለው «አልገባም» የሚለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ይበቃናል የሚል ተስፋ መጣ። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010፣ ኋላም በ2012 ዋጋ ሲቀንስ ዩቲዩብ የብዙ ቤት መዝናኛ ሆነ። ግን ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ ኔትወርኩም መብራቱም ጠፋ፤ ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ሌላው ዓለም የቤት ሰርቨር የሚገዛው የወር ክፍያ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የውጭው መስመር ቢቆረጥም የቤቱ ዋይፋይ ይሠራል። ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ጓዳ ካለው ሳጥን ፊልም ይስባል፤ አንዲት ሜጋባይት ጥቅል አይቆጥርም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ሲኖሎጂና ኪውናፕ የመሳሰሉት የታይዋን ድርጅቶች ሁለት ዲስክ የሚይዙ ሳጥኖች ይሠራሉ። ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚበሉት ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው፤ ይህ ትንሽ ነው። የሚጎዳቸው የመብራት ድንገት መጥፋት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ይበላሻል፤ አንዳንዴም ማውጫው ሁሉ ይናጋል። ስለዚህ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ የሌለው ሳጥን ለቦሩ ሜዳ ግማሽ ግዢ ነው። እኔ የማምንበት ምርጫ ከዚህ ይረክሳል፤ ባትሪው ገና ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፕ። ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። በ2011 የተጀመረው ጄሊፊን የተባለ ነፃ ፕሮግራም ቢጫንበት ፊልሞቹን በሽፋን ፎቶአቸው ደርድሮ ለስልኩም ለቴሌቪዥኑም ያቀርባል።

ፕሮሰሰሩን ማየት የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፋይሉ ኤች 265 በተባለው የቪዲዮ አጨማመቅ የተዘጋጀ ሆኖ አሮጌው ቴሌቪዥን ይህን የማያነብ ከሆነ፣ ሳጥኑ እያጫወተ መቀየር ይኖርበታል፤ ርካሾቹ ሳጥኖች እዚህ ላይ ይንተባተባሉ። ፊልሙን መጀመሪያውኑ በኤች 264 ማስጫን ግን ገንዘብ አያስወጣም። የሁለት ሰዓት ፊልም ጥሩ ጥራት ይዞ 4.5 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ200 በላይ ይይዛል።

ከፍታውም ይታሰብ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ እስከ 3,050 ሜትር ከፍታ ድረስ ይሠራል ይላሉ። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው ቦሩ ሜዳ በዚህ ውስጥ ነው፤ ወደ ደላንታና ወደ ወገልጤና ደጋ ለሚወጣ ሰው ግን ወሰኑ እየቀረበ ይሄዳል፤ እዚያ ተሽከርካሪ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይሻላል። ኮምቦልቻ ደግሞ ጭንቀቱ ሙቀት ስለሆነ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ አይታፈን።

ሻጮች ስለ ሁለት ዲስክ ሲያወሩ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል፤ ሌባም ሳጥኑን የሚወስደው ከነሁለቱ ነው። በ2014 ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ተቋማትና ቤቶች ሲዘረፉ ዕቃው ከነያዘው ነው የሄደው። በሰኔ 2013 ደግሞ ማይ ቡክ ላይቭ የተባለው የዌስተርን ዲጂታል ዲስክ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ በነበረባቸው ብዙ ቤቶች በሩቅ ሰርጎ ገቦች ትእዛዝ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ ሳጥኑ ለቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይከፈት፤ ወደ ውጭ በር አይኑረው።

ፊልም ሁለተኛ ቅጂ ባይኖረው ግድ የለም፤ እንደገና ይገኛል። የሰርጉ ቪዲዮ፣ የአያት ድምፅ፣ የመንዙማው ቅጂና የልጆቹ ፎቶ ግን ከቤት ውጭ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጡ፤ ቦሩ ሜዳ ያለ ሰው ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ዘንድ ቢያኖረው ይበቃል። ለዒድ ወይም ለገና የሚመጣው ዘመድ አሮጌውን ዲስክ ይዞ መጥቶ አዲሱን ይዞ ይመለሳል፤ ከመሰጠቱ በፊት ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፋይል ተከፍቶ ይታይ።