እግሯ ለምን ወደቀ?

ተማሪዋ እጇን ወደ ታካሚዋ ቁርጭምጭሚት ስትዘረጋ መምህሯ ከኋላ ሆነው «ቆዪ፣ እጅሽን አንሺ» አሏት። «ገና ምን ጠየቅሻት?»

አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ወጣት እናት ነጠላዋን ሰብስባ ሁለቱንም ታያቸዋለች። ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ስትራመድ የቀኝ እግሯ ፊት ወደ ታች ይወድቃል። አማቷ ጫማዋን አንስተው አሳዩን፤ መሬት እየጫረ የቀኙ አፍንጫ ተፍቆ አልቋል። የላኳት ሰዎች ካርዷ ላይ የጻፉት «ለፊዚዮቴራፒ» ብቻ ነው።

በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያሳለፍኩት ጠዋት እንዲህ ጀመረ። የአገራችን የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ችግርም ተስፋም እዚያች አልጋ ዙሪያ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እጅን ነው፤ የሚያሽ፣ የሚጎትት፣ የሚያፍታታ እጅ። ስፖርት ዘጋቢዎቻችን ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ ዛሬም «ወጌሻ» ይሉታል። ቃሉ ክብር ያለው ቃል ነው፤ ሐኪም በሌለበት መንደር ሁሉ ስብራት ሲጠግን የኖረው ወጌሻ ነው። ነገር ግን በቀርከሃ ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ ሲጠቁር፣ አልፎም እስከ መቆረጥ ሲደርስ የአጥንት ሐኪሞቻችን በተደጋጋሚ አይተዋል። እዚያ ላይ የጎደለው የእጅ ልምድ አይደለም። የጎደለው «ጣቶቹ ለምን ቀዘቀዙ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ሳያድርበት የተመረቀ ተማሪም ያው አደጋ ላይ ነው።

የወደቀ እግርን እንውሰድ። አገራችን ውስጥ የወደቀ እግር የአንድ በሽታ ምልክት ብቻ አይደለም። ሕፃን ልጅ ቂጡ ላይ ሲወጋ መርፌው ትልቁን የእግር ነርቭ ካገኘው እግሩ ይወድቃል። ሸክም ያጎበጠው ሰው የወገቡ ዲስክ ነርቩን ሲጫነው ይወድቃል። በሥጋ ደዌ፣ ከጉልበት በታች በውጪ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ይወድቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ እግሮችን ሲያክም ኖሯል። ምጥ ሲረዝም ደግሞ የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖ ይቆይና የእናትየው እግር ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አካል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በፌስቱላ ሳቢያ የሚያመልጣቸው ሽንት ይቆምልናል ብለው ለወራት ተኮራምተው ከመተኛታቸው የተነሳ ጉልበታቸው አልዘረጋ ያለ ሴቶች እዚያ ደርሰዋል።

አራቱም እግሮች ከሩቅ ሲታዩ ያው ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የተለያየ ነው። የሥጋ ደዌው ሰው ነርቩ እንዳያልቅበት በቶሎ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ እንቅስቃሴ ብቻ እያሠራው ወራት ካለፉ፣ ያ ጊዜ አይመለስም።

«እሺ፣ እንዴት ትለያለሽ?» አሉ መምህሯ።

ተማሪዋ ትንሽ አሰበች። «እህቴ፣ የእግርሽን መርገጫ ወደ ውስጥ አዙሪልኝ።» እናትየዋ ሞከረች፤ እግሩ እምቢ አለ። ከጉልበት በታች በውጪ በኩል ያለው ነርቭ ብቻ ሲጎዳ እግር ወደ ላይና ወደ ውጪ መሄድ ያቅተዋል፤ ወደ ውስጥ መዞሩ ግን ይቀርለታል። ያም ከደከመ ጥፋቱ የሚፈለገው ከፍ ብሎ ነው፤ ጭኑ ላይ፣ ዳሌ ውስጥ ወይም ወገብ ላይ። ምጡ ሁለት ሌሊት እንደፈጀ ተማሪዋ ያወቀችው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና አማትየዋን አየት አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ በትሕትና ጠጋ ብላ «እማማ፣ ለአንድ አፍታ ውጪ ይጠብቁን?» አለቻቸው። በሩ ሲዘጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሽንት ያመልጥሻል?» ስትል ጠየቀቻት።

«አይ፣ ተመስገን» አለች ሴትየዋ፣ ረዥም ትንፋሽ አውጥታ።

የዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ ትልቁ ችሎታ ለእኔ ይህ ነበር።

እጅ አይሠለጥን ማለቴ አይደለም። የሚዳስስ ጣት እንደ ጆሮ ነው፤ መስማት ይማራል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት አንድ ልምምድ አለ። አንድ የፀጉር ዘለላ ከወረቀት ሥር ይደረግና ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ሌላ ወረቀት ይደረብበታል፣ ደግሞ ሌላ። የግፊትን ልክ ለመለማመድ ደግሞ በተራ የሰውነት ሚዛን ላይ በመዳፍ ይጫናሉ። አውስትራሊያዊው ጄፍሪ ሜይትላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የአከርካሪ ሕክምና መጽሐፍ የሚታወቀው መገጣጠሚያን በደረጃ በማንቀሳቀስ ነው። ሕመም ለበዛበት ለስላሳውን፣ ግትርነት ለበዛበት ጠንከር ያለውን እያሉ ተማሪዎች ዛሬም ይማሩታል። ሜይትላንድ ግን ከእያንዳንዱ ንክኪ በፊትና በኋላ ታካሚውን መልሶ መመርመርን አጥብቆ ያስተምር ነበር። የእርሱ እጅ የሚጠይቅ እጅ ነበር።

እንዲህ መጠየቅ ለእኛ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የወገብ ሕመም ብሎ የመጣ ሁሉ ዲስክ የለበትምና። ቲቢ አከርካሪ ውስጥ ገብቶ አጥንቱን እየበላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጀርባ በኃይል መጫን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ አልጋው ላይ ከማስተኛት በፊት «አባቴ፣ ማታ ማታ ያተኩስዎታል? ቀበቶዎን ስንት ቀዳዳ አጠበቁ?» ማለት ያስፈልጋል። ይህንን መጠየቅ የለመደ ተማሪ ሰው ያድናል።

የሚያንገበግበኝ ምዘናው ነው። ተማሪዎች ወደ ዋርድ ሲወጡ ሎግ ቡክ ይይዛሉ፤ ይህን ያህል ማንቀሳቀስ፣ ይህን ያህል ማሸት፣ ይህን ያህል ማስነሳት ሠራሁ ብለው ያስፈርማሉ። እጄን ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው ብለው የሚጽፉበት መስመር ግን በተመለከትኳቸው ውስጥ አላገኘሁም። የሚቆጠረው የተሠራው ብቻ ሲሆን ተማሪው መሥራትን ይማራል፤ መተውን አይማርም። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይዞ ወረፋው በር ላይ ሲጠብቀው «ቆዪ» ለማለት ጊዜ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 2.4 ቢሊዮን ሰዎች የተሐድሶ ሕክምና የሚጠቅመው የጤና ችግር አለባቸው፤ በብዙ ድሃ አገሮች ደግሞ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አሥር ባለሙያ እንኳ አይደርስም። ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ማስመረቅን ይጋብዛል። እኔ ግን ከመምህራኑ ጎን ቆሜ የምለምነው ለአንድ ታካሚ ግማሽ ሰዓት፣ ለሎግ ቡኩም አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው፤ «ለምን» የሚል።

እናትየዋ ጋ ልመለስ። ነርቩ ተቆርጦ ሳይሆን ተጭኖ ሊሆን እንደሚችልና በወራት ውስጥ ሊያገግም እንደሚችል መምህሯና ተማሪዋ ተነጋገሩ። ወደ ነርቭ ሐኪምም ወረቀት ተጻፈላት። ተማሪዋ ከዚህ በኋላ እጇን አሳረፈች። ፋሻውን ከመርገጫዋ ሥር አሳልፋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አጣመረችና የእግሯን ፊት ወደ ላይ ስባ አሰረችው። ሴትየዋ ኮሪደሩን ሄዳ ተመለሰች፤ ጫማው አልጫረም። አማትየዋ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«በዚህ ውኃ መቅዳት እችላለሁ?» አለች እናትየዋ።

ተማሪዋ መልስ ከመስጠት ይልቅ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ምንጩ ምን ያህል ይርቃል? ዳገት አለው?»