ሥር የሰደደ ቃርና ሕክምናው

በአገራችን ከእንብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። ይሁንና አማርኛ ለአንዱ ሕመም «ቃር» የሚል የራሱ ስም አለው፤ ለሕክምናው ወሳኝ በመሆኑ በዚህ ልዩነት እጀምራለሁ።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መጋጠሚያ ላይ ስንውጥ የሚከፈት፣ ከዋጥን በኋላ የሚዘጋ ክብ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ሲላላ አሲድ ወደ ላይ ይመለስና የምግብ ቧንቧውን ያቃጥላል፤ ቃር የምንለው ይህንን ነው። የጨጓራ ቁስለት ግን ሌላ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያና ለቁስለት ያለውን ድርሻ በማሳየታቸው ነበር። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የላላውን ጡንቻ ግን አያጠብቅም። ሆኖም ቃሩ የተመለሰበት ሰው ያንኑ አንቲባዮቲክ በራሱ ፈቃድ ደግሞ ሲገዛ አያለሁ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ የሚያደርገው አንዱ ይህ ነውና እጅግ ያሳስበኛል።

ለቃር በብዛት የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ነው። አሲድ አመንጪዎቹን ሕዋሳት ሥራ የሚያስጀምራቸው ምግብ ሲሆን፣ መድኃኒቱም የሚይዛቸው ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ፣ በየዕለቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ8 ሳምንት ያህል ይወሰዳል። ከእራት በኋላ ወይም ሲያመው ብቻ የሚውጠው ሰው «አልሠራልኝም» ቢል አያስገርምም። ጾመኛም ቢሆን የመብያ ሰዓቱ ሲደርስ ክኒኑን በውሃ ወስዶ ግማሽ ሰዓት ቢታገሥ ይበቃዋል።

ሌሊቱ የባሰ ነው። ከዚህ ከአውቶቡስ ዴፖው አምሽቶ የሚወጣ ሹፌር በልቶ ወዲያው ቢተኛ፣ የሞላው ጨጓራና የምግብ ቧንቧው እኩል ይጋደማሉ። በእራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ማግኘት ካልተቻለ ምሳን አጥግቦ እራትን ማቅለል ይሻላል። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አልመክረውም፤ በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ማኖር ይመረጣል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል። በርበሬን ሁሉም ሰው ይተው አልልም፤ የሚያቃጥለው ሰው ይቀንስ። ወተት ለጊዜው ቢያበርድም አሲዱን መልሶ ይቀሰቅሳል።

ምግብ ሲውጥ የሚይዘው፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ደም ያስታወከው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ግን ክኒን እየገዛ አይቆይ። ደም ወይም ጥቁር ሰገራ ያየ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሲራመድ ደረቱን የሚጨምቀውና ሲያርፍ የሚለቀው ሰውም አስቀድሞ ልቡን ይመርመር። የቀሩት በጤና ጣቢያቸው በኩል፣ በዚሁ በጉለሌ ወዳለው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተልከው በኢንዶስኮፒ ሊታዩ ይችላሉ፤ ለምርመራው ሲቀጠሩ ቢያንስ 6 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ይሂዱ።