የጀጎል አረጋውያንና በር የሌለው አደባባይ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

1. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚገኙ አረጋውያን ስለ ፌስቡክ፣ ስለ ቴሌግራምና ስለ ቲክቶክ ሲናገሩ ምን ሲሉ ሰምታችኋል?
2. አንድ ሰው በሚቀልድበት ነገር ሊገለገልበትም ይችላልን? ምሳሌ እየሰጣችሁ ተወያዩ።

ለ. ምንባብ

ሰው አዲስ ነገር ሲገጥመው ይቀበለዋል፣ ይሸሸዋል ወይም ይቀልድበታል። አረጋውያን ግን ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም በአንድነት ያደርጋሉ። ጠዋት «ይህ ስልክ ልጆቻችንን ነጠቀን» ብለው ያማረሩ እናት፣ ማታ በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው ሲደውል ፊታቸው በርቶ ስልኩን ሲስሙት ይታያሉ። ይህን የተደበላለቀ ስሜት የተመለከተ ወጣት «እርጅና ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአረጋውያኑ ቀልድ ምክንያት አለው። ምክንያቱንም ለመረዳት ወደ ሐረር፣ ወደ ጀጎል እንሂድ።

ጀጎል ጥንታዊቷን የሐረር ከተማ የከበበው ግንብና በግንቡ የታቀፈችው ከተማ መጠሪያ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር እንደሆኑ ይነገራል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፋላና በር የሚባሉ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ዩኔስኮም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በቀድሞ ዘመን እነዚህ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ ቀን የሚመጣውም እንግዳ ማንነቱና የመጣበት ጉዳይ ይጠየቅ ነበር። ይህን የበር ነገር ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሐረር ለመገናኛ መሣሪያ እንግዳ አይደለችም። በአገራችን የመጀመሪያው የስልክ መስመር ዝርጋታ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ መስመሩ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ ነበር። ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ብቻ በሽቦ መምጣቱ በጊዜው አንዳንዶችን «የሰይጣን ሥራ ነው» እንዳሰኘ ይነገራል። እንግዲህ ዛሬ በቲክቶክ የሚገረሙት አያት የመጀመሪያው ተገራሚ አይደሉም። ልዩነቱ የጊዜው ፍጥነት ነው። ከስልክ ጋር ለመላመድ ኅብረተሰቡ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት አግኝቷል። ፌስቡክ ግን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዋትስአፕ በ2009፣ ቴሌግራም በ2013 ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው አረጋዊ ከእነዚህ ሁሉ ጋር የተዋወቁት ኀምሳ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ ነው። እናንተ ግን ከነርሱ ጋር አብራችሁ አደጋችሁ።

የአረጋውያኑ ቀልድ በመጀመሪያ የሚመነጨው ከቃላት ነው። እነርሱ በረጅም ዕድሜያቸው ያወቋቸው ቃላት በስልክ ውስጥ ሌላ ትርጉም ይዘው ይጠብቋቸዋል። ለምሳሌ «ተከታይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አረጋዊው ተከታይ የሚኖረው ታላቅ መምህር እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ «ይህ ልጅ አንድ ሚሊዮን ተከታይ አለው» ሲባሉ «ምን ያስተምራል?» ብለው ይጠይቃሉ። «ይጨፍራል» የሚል መልስ ሲያገኙም «ታዲያ ተከታዮቹ ወዴት ነው የሚከተሉት?» ይላሉ። ትርጉሙ «ወደድሁት» የሆነው «ላይክ» የተባለው ምልክት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጣቸዋል። የጎረቤት ሞት በተነገረበት ጽሑፍ ሥር አውራ ጣቱን ያነሣ ምልክት ሲያዩ «ሞቱን ወደዱለት ማለት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አያስገርምም። «ጓደኛ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ፌስቡክ ለአንድ ሰው እስከ 5,000 ጓደኛ ይፈቅዳል። በጀጎል ግን የወዳጅነት መለኪያው አፎቻ ነው። አፎቻ የሐረሪ ሕዝብ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዳበት፣ እድርን የሚመስል ማኅበር ነው። ስለዚህ አረጋዊው «ከአምስት ሺሁ ጓደኞችህ መካከል ለቀብር የሚመጡት ስንት ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ከባድ ነው።

ሁለተኛው የቀልዳቸው ምንጭ ሥርዓት ነው። ባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ «ነደባ» የሚባሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መቀመጫዎች አሉ። የቤቱ ባለቤት፣ የክብር እንግዳው፣ ሽማግሌውና ወጣቱ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ወደ ቤቱ የገባ ሰው ማን የት እንደተቀመጠ በማየት ብቻ ማን መጀመሪያ እንደሚናገርና ማን እንደሚያዳምጥ ይረዳል። በማኅበራዊ መገናኛ ግን ይህ ሁሉ የለም። የዐሥራ አምስት ዓመቱ ልጅና የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት በአንድ ከፍታ ተቀምጠዋል። «በዚህ ቤት ሁሉም ከላይኛው ነደባ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፤ ከታች ሆኖ የሚሰማ ጠፋ» ያለ አዛውንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ተናግሯል። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሌላ ወገንም ማየት ይገባል። በነደባው ሥርዓት ቃሉ የማይሰማለት ወጣት ወይም ድኻ ዛሬ በስልኩ ሐሳቡን ይገልጻል። አስተዋይ አረጋውያንም ይህን በጎ ጎን አይክዱትም።

እንዲያውም አረጋውያኑ በሚቀልዱበት ነገር አብዝተው ይገለገላሉ። ከሐረሪ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በሳዑዲ ዐረቢያ ዘመድ አሏቸው። የልጅ ልጃቸውን በአካል ያላዩ አያት ሕፃኑ ሲድህ በስልክ ያያሉ። መጻፍ የማይችሉት ድምፃቸውን ቀርጸው ይልካሉ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የሹዋሊድ በዓል ሲከበር ከአገር የራቁት በስልካቸው ይከታተሉታል። ልጃቸው በምስል ሊያነጋግራቸው ሲደውል ሻሻቸውን የሚያስተካክሉና «ቡናው ደርሷል፣ ግቢ እንጂ» የሚሉ እናት ያስቁናል። ሆኖም ሳቃችን ቶሎ ይቆማል፤ ምክንያቱም ግቢ የተባለችው ልጅ ልትገባ አትችልም። ስልኩ ፊትን ያቀርባል እንጂ ሲኒ አያቀብልም።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ አንዳንዱ አረጋዊ «ልጆቻችን ተመለሱልን» እያለ ሲቀልድ፣ ሌላዋ እናት ደግሞ የሩቅ ልጇን ፊት ለማየት ባለመቻሏ ትጨነቃለች። አንዱ መሣሪያ ለአንዱ ቤት ሌባ፣ ለሌላው ቤት መስኮት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ በሩ ነገር እንመለስ። ቀድሞ አንድ ወሬ ከፋላና በር ተነሥቶ ሸዋ በር እስኪደርስ በሰው እግር ይሄድ ነበር። በመንገዱም ላይ «ማን ነገረህ? አንተስ አይተሃል?» የሚል ሽማግሌ ያጋጥመዋል። ውሸት የሆነው ወሬ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ይቀራል። የዛሬው ወሬ ግን በግንቡ ላይ ይበርራል እንጂ በበር አይገባም፤ ስለዚህ የሚጠይቀው ዘበኛ የለም። በጀጎል ግንብ ላይ ጅቦች በሌሊት የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። «ጅቡስ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ በልቶ ይወጣል፤ ይህ ስልክ ግን ጥራጊውን ይዞ ይገባል» የሚለው ቀልድ ይህን ልዩነት ያስረዳል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ የታወቁ አዛውንት «ዐረፉ» የሚል ጽሑፍ ከፎቶግራፋቸው ጋር በቴሌግራም ተሠራጨ እንበል። ወጣቶቹ ሳይጠይቁ ያስተላልፉታል። የአፎቻው አባላት ሐዘን ለመድረስ ሲመጡ አዛውንቱ በሩን ራሳቸው ከፍተው «ለቀብሬ ከመጣችሁ ግቡ፤ ቡና ጠጥተን አብረን እንሄዳለን» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። ነገር ግን ወሬውን በሩቅ አገር ሆና ያነበበችው ልጃቸውስ? እርሷ በሩን አንኳኩታ ልታረጋግጥ አትችልም። ወሬው ስለ አንድ ሰው ሞት ሳይሆን ስለ አንድ ወገን ጥላቻ ቢሆን ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ ቤት አልፎ ከተማን ያውካል። «የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር» አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣውም እንዲህ ያለውን ጉዳት በመፍራት ነው። ይሁንና ሕግ የሚደርሰው ወሬው ከተሠራጨ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሊደርስ የሚችለው የአንባቢው ጥያቄ ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ የአረጋውያን ቅንነት ለአታላዮች ያጋልጣቸዋል። «ወደ ስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይላኩልኝ» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው፣ የተለመነ ይሰጣል ብለው ስለሚያምኑ ይልካሉ። አታላዩም በስማቸው ገብቶ ከውጭ ልጆቻቸው ገንዘብ ይለምናል። በዚህ ጊዜ በአያቱ አለማወቅ የሚስቅ የልጅ ልጅ ግዴታውን ዘንግቷል። ቁጥሩ እንደ ቤት ቁልፍ መሆኑንና ለማንም እንደማይሰጥ ሊያስረዳቸው የሚገባው እርሱ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ተማሪዎች ከዚህ ሁለት ነገር ልትገነዘቡ ይገባል። አንደኛው፣ አረጋውያን ስለ መሣሪያው አሠራር ያላቸው ዕውቀት አነስተኛ ቢሆንም ስለ ሰው ያላቸው ዕውቀት ሰፊ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እናንተ መሣሪያውን ብታውቁትም «ማን ነገረህ?» የሚለውን ጥያቄ ከእነርሱ መማር የሚገባችሁ መሆኑ ነው። አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ስልክ ሳይታወቅ ነበር። ምክሩ ግን ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። አዲሱ አደባባይ በር ስለሌለው እያንዳንዱ ሰው የራሱ በር ጠባቂ መሆን አለበት።

ሐ. ልብ በሉ

ከላይ ያነበባችሁት ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ጸሐፊው «አረጋውያን ግራ ተጋብተዋል» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ምክንያቶቹን ለያይቶ በየአንቀጹ አስቀምጧል። ቀልድም ያስገባው ለማሳቅ ብቻ ሳይሆን ለምክንያቱ ምሳሌ እንዲሆን ነው። እንደዚሁም «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «ከዚህም ሌላ» የሚሉት አያያዥ ቃላት አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር እንዴት እንዳስተሳሰሩ አስተውሉ።

መ. መልመጃ

1. «ተከታይ»፣ «ጓደኛ» እና «ወደድሁት» የሚሉት ቃላት በአረጋውያን ዘንድና በማኅበራዊ መገናኛ ያላቸውን ትርጉም እያነጻጸራችሁ ጻፉ።
2. «ስልኩ ፊትን ያቀርባል እንጂ ሲኒ አያቀብልም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. ጸሐፊው የበሩን ነገር በመጀመሪያ ጠቅሶ ኋላ የተመለሰበት ለምንድን ነው?
4. የነደባ ሥርዓት መቅረቱ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? በሁለት ወገን ሆናችሁ ተከራከሩ።
5. አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ያላቸውን አስተያየት በአክብሮት ጠይቁ። የነገሯችሁንም ከምክንያቱ ጋር በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው አትጥቀሱ።