ከካዛንችስ ወደ ወሎ ሰፈር፦ ሥራ መቀየር ለምታስቡ የአንደኛ ደረጃ መምህራን

ትምህርት ቤት መቀየሬን ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «በዓመቱ መሃል ብለቅ ያስከፍሉኛል?»፣ «የሥራ ልምድ ቢከለክሉኝስ?»፣ «በየቀኑ ተናድጄ ነው ቤቴ የምገባው፣ ልልቀቅ ወይስ ልታገስ?» ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከምመልስ የማውቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። የምጽፈው በግል ትምህርት ቤት ስለሚያስተምር ሰው ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ እኛ የምንተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መምህር ስለሆንን ብቻ ሁላችንም በአንድ ሕግ ሥር ያለን የሚመስላቸው ብዙ ባልደረቦች አሉኝ።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር የነበረው ካዛንችስ አካባቢ በአንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወሩ። አንዳንዶቹ ዓመቱን ለመጨረስ ብለው ለተወሰነ ጊዜ ከዚያ ድረስ ተመላለሱ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ታክሲ እየቀያየሩ የሚመጡ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አንደኛ ፔሬድ ላይ ዴስክ ላይ ተደፍተው ይተኙ ነበር። አልቀሰቅሳቸውም ነበር። ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ ቀሩ።

ተማሪ ሲቀንስ ወርሃዊ ክፍያ ይቀንሳል፤ ክፍያው ሲቀንስ ሸክሙ መምህሩ ላይ ይወርዳል። ባለቤቶቹም የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ነበረባቸውና ጭንቀታቸው ይገባኛል። ረዳት መምህርቷ ተቀነሰች፣ ሁለት ክፍል አንድ ላይ ተቀላቀለ፣ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ቱቶሪያል ተጨመረ። ይህን ሁሉ መሸከም ይቻል ነበር። ያልቻልኩት የማርኩን ጉዳይ ነው።

«ወላጅ እንዳይሄድብን ልጁን አበረታቺው» ተባልኩ። ትርጉሙ 58 ያመጣውን ልጅ ሮስተር ላይ 70 አድርጊው ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንድ አንቀጽ አንብቦ መጨረስ የማይችል ልጅ ጥሩ ውጤት የተጻፈበት ካርድ ይዞ አራተኛ ክፍል ይገባል። የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ደግሞ ማንበብ ለሚችል ልጅ የተዘጋጀ ነው፤ ሳይንሱም ሒሳቡም በንባብ በኩል ነው የሚመጣው። እናቱ ካርዱን አይታ «ልጄ ደህና ነው» ብላ ታርፋለች፤ ማታ ማታ አጠገቧ አስቀምጣ ልታስነብበው የምትችልበት ዓመት እንዲሁ ያልፋል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። እዚያ ሲደርስ ማርክ የሚጨምርለት የክፍል ኃላፊ አያገኝም። ይህ ለእኔ በልጁም በእናቱም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በእጄ ጽፌ እንድፈርምበት ሲጠበቅብኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ልልቀቅ ወይስ ልታገስ ላላችሁኝ መልሴ ከዚህ ይነሣል። የሚያናድዱን ነገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ያደክማል፣ ያሳንሳል፣ ገንዘብ ያስቀራል፤ እሱ የሚጠየቅበት በር አለው። ሌላው ግን የተቀጠርንበትን ሥራ፣ ማስተማሩን ራሱን፣ እንዳንሠራ ያደርገናል። ለመጀመሪያው ዓይነት መጀመሪያ መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለሁለተኛው፣ ተናግራችሁ ካልተሰማችሁ፣ ልቀቁ።

ሲጠየቅ የተፈታ ነገር አይቻለሁ። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ሌሊት ሁሉ ይጮህብኝ ነበር፤ «ሚስ የቤት ሥራው የትኛው ገጽ ነው?»፣ «ሚስ ልጄን ማን መታው?» በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ እንደምመልስ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጠዋት እንደማየው፣ ስለ ልጁ የግል ጉዳይ ደግሞ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ እንዲጽፉልኝ ነገርኳቸው። አብዛኞቹ ተቀበሉኝ፤ እነሱም ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ናቸው። የዩኒት ሊደራችን በልጆቹ ፊት ስታርመኝ ደግሞ ቢሮዋ ገብቼ «እርማት ሲኖር ልጆቹ ከወጡ በኋላ ቢነግሩኝ፣ በፊታቸው ሲሆን ነገ አይሰሙኝም» አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ በኋላ አልደገመችውም። እሷም ከላይ የሚጫናት ነበረባት።

የቅዳሜው ቱቶሪያል ግን በአንድ ሰው አፍ የሚፈታ አልነበረም። እዚህ ላይ ሕጉን በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ነው የሚገድበው፤ ስለዚህ ቅዳሜ መግባት ሁልጊዜ የትርፍ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ውላችሁ ወይም የትምህርት ቤቱ የሥራ ደንብ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካለ ግን መከራከሪያ አላችሁ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን ለተሠራ 1.5 እጥፍ፣ በሳምንት የእረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። እኛ አንድ ደብዳቤ ጽፈን ሁላችንም ፈረምንበት። ክፍያው ባይገኝም ቱቶሪያሉ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ የትራንስፖርት ገንዘብም ተጨመረ። ብቻዬን ብጠይቅ «አመለኛ ናት» ተብዬ ነበር የማልፈው።

መምህራን አብረው ሲቆሙ ምን እንደሚሆን የአገራችን ታሪክ ያውቀዋል። የካቲት 1966 ላይ መምህራን ሥራ ያቆሙት ስለ ደመወዛቸው ብቻ አልነበረም፤ የድሃውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያርቃል ብለው የተቃወሙት ሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድም ነበረበት፤ ዕቅዱም ቆመ። ዛሬ በግል ትምህርት ቤቶች ይህ መተባበር ከስቷል። አዋጁ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል፤ ጽዳትና ጥበቃውን ጨምሮ ስንቆጠር ብዙዎቻችን ከ10 በላይ ነን። ማኅበር ያላቸው ትምህርት ቤቶች ቢበዙ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ስለ ማርኩ ለዳይሬክተሯ በቃልም በጽሑፍም ተናገርኩ። መልሱ «ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ነው» የሚል ነበር። በዚያን ቀን ለመልቀቅ ወሰንኩ፤ ደብዳቤ ያስገባሁት ግን ግንቦት ላይ ነው፣ ሰኔ ሲያልቅ እንድለቅ አድርጌ። ሕጉ ሰኔን ጠብቂ አላለኝም። ግን በዚያ ዓመት ሰፈራቸውንና ጓደኞቻቸውን ያጡ ልጆች በመሃል መምህራቸውንም እንዲያጡ አልፈለግሁም። እንደኔ መቆየት የማትችሉ ካላችሁ ሕሊናችሁ አይክሰሳችሁ።

ሕጉ የሚለው ይህን ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ በማንኛውም ጊዜ መልቀቅ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድ የሚጠየቀው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። «ዓመቱ ሳያልቅ የለቀቀ የሦስት ወር ደመወዝ ይከፍላል» የሚል ውል የፈረማችሁ አትደንግጡ፤ ውል ከሕጉ ያነሰ መብት ሊሰጣችሁ አይችልም። ክብርን የሚነካ ድርጊት፣ ወሲባዊ ትንኮሳ፣ ወይም እንደ ደመወዝ ያለ መሠረታዊ ግዴታን ደጋግሞ አለመፈጸም ካጋጠማችሁ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያም መልቀቅ ይቻላል፤ ነገሩ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጻችሁ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉና እናንተ ዘንድ ይቅር። ምሬታችሁን እዚያ ላይ አትጻፉ፤ የምትለቁበት ቀን በግልጽ ከተጻፈ ይበቃል። መጻሕፍቱን፣ ማርክ ሊስቱንና የክፍሉን ቁልፍ በፊርማ አስረክቡ፤ ክሊራንስ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ውለታ አይደለም። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፎ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የቀረ ሒሳባችሁም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። በአንድ ቦታ 5 ዓመት ከሠራችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ብትለቁም የሥራ ስንብት ክፍያ ልትጠይቁ እንደምትችሉ ብዙ ሰው አያውቅም።

አሁን ስለ አዲሱ ቦታ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የማስተምረው ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ-ቻይና መንገድ በኩል ነው። ደመወዙ ከቀድሞው ብዙም አይበልጥም፤ ክፍሉም በርከት ያለ ተማሪ አለው። ዴሞ አስተምሪ ተብዬ ስሄድ እነሱ እኔን ሲገመግሙ እኔም ስጠይቅ ነበር። በሳምንት ስንት ፔሬድ ነው? ከወላጅ ጋር የሚነጋገረው ማን ነው? የተሞላ ማርክ የሚቀየረው በምን ሁኔታ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ፣ መምህሩ ፈተናውን በድጋሚ አይቶ ሳይፈርምበት ማርክ አይነካም የሚል የጽሑፍ መመሪያ አወጡና አሳዩኝ። ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ስለ ደመወዝ መነጋገር ቀለለኝ።

ገንዘቡን ግን ሳታሰሉ አትፈርሙ። በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ2017 ሐምሌ ወዲህ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ ከ15 እስከ 35 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። «15,000 እንከፍላለን» ቢሏችሁ ግብሩ 3,200፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 1,050 ብር ነው፤ እጃችሁ የሚገባው 10,750። ውሉ ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክረምቱ ባዶ ነው፤ የ10 ወሩን ለ12 ወር ስታካፍሉት በወር ወደ 8,958 ይወርዳል። በ2018 መስከረም የመንግሥት የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ ወደዚያ የተመለከታችሁም በዚሁ መንገድ አስሉት፤ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 8,595 ነው፤ ክረምቱን ግን ይጨምራል።

አንድ ነገር በተለይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ከ15,000 ውስጥ 9,000ውን ብቻ ደመወዝ ብሎ ቀሪውን አበል ይለዋል። እጃችሁ የሚገባው ላይ ብዙም ለውጥ ስለማታዩ አይታወቃችሁም። የእናንተ 7 እና የአሠሪው 11 በመቶ የሚሰላው ግን ከደመወዙ ነውና በየወሩ ለጡረታችሁ የሚገባው ከ2,700 ወደ 1,620 ብር ይወርዳል። ጡረታ የሚታሰበው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ ጉዳቱ እርጅና ላይ ነው የሚታየው። ትምህርት ቤት መቀየር ግን የጡረታ ዘመናችሁን አያቋርጥም፤ በመንግሥትም በግልም ያገለገላችሁት ይደመራል። መዋጮው በስማችሁ መግባቱን ከመልቀቃችሁ በፊት ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር አረጋግጡ።

ለሚተካችሁ መምህር ደግሞ ስለ ልጆቹ ጻፉለት። ማርክ ሊስት የማይናገረውን ማለቴ ነው፤ ማን ከሩቅ ሰሌዳው አይታየውም፣ ማን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ሲጠየቅ ይንተባተባል፣ የማን አሳዳጊ ተቀይሯል፣ ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ዝም ያለው የትኛው ነው። እኔ ይህን በአንድ ደብተር ጽፌ ለተካችኝ መምህርት በእጇ ሰጠኋት። ትምህርት ቤቱ አልጠየቀኝም ነበር። ልጆቹ ግን ከባለቤቶቹ ጋር አልተጣሉም።

ደመወዝ ወይም የሥራ ልምድ የተከለከላችሁ ጊዜ አታባክኑ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ ነው። ያለ አግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለውም በ3 ወር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ካልተፈታ ፍርድ ቤት። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ስትሄዱ ውሉን፣ ማኅተም ያለበትን የደብዳቤ ኮፒና ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ያዙ። ውል የሚባል ወረቀት ያልተሰጣችሁም ብትሆኑ ሂዱ፤ ውሉ በጽሑፍ ስላልሆነ ብቻ በሕጉ ያላችሁን መብት አታጡም።