አሮጌ የጦር ካሚዮን በስንት እጅ ይነሳል?

የተባበሩት ኃይሎች በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ የወረዱበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944፣ በየዓመቱ ሲታሰብ የፈረንሳይ ጠባብ የገጠር መንገዶች በአረንጓዴ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ይሞላሉ። ጂፑ ብዙ ነው። ዓይን የሚይዘው ግን ባለ አሥር ጎማው ጂኤምሲ ካሚዮን ነው፤ ዕድሜው 80 ዓመት አልፎም በራሱ ሞተር እየተነዳ ይመጣል። ከእነዚህ ካሚዮኖች ብዙዎቹ የመንግሥት ወይም የሙዚየም ንብረት አይደሉም። አናጺ፣ ገበሬ፣ መምህር ወይም ጡረተኛ ከኪሱ ገዝቶ ያደሳቸው ናቸው። ሲገዙም በአብዛኛው ላሜራው ዝጎ፣ የጭነት ወለሉ በስብሶ፣ ሞተሩ ነክሶ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ እስኪወጣ ምን ምን ይደረግለታል? ለምንስ አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም?

መጀመሪያ መኪናውን እንወቀው። የፋብሪካ መጠሪያው ሲሲኬደብልዩ ነው። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ 6 ቮልት ነው፤ የፊትና የኋላ እግሮቹ ሁሉም ይስባሉ። ከመንገድ ውጭ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን ተነድፎ በተግባር ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ተጭኖበታል። ጄኔራል ሞተርስ በጦርነቱ ዓመታት ከ500,000 በላይ ሠርቶታል። ለዛሬ አዳሾች ትልቁ በረከት ይህ ብዛት ነው፤ መለዋወጫው አሁንም በየመጋዘኑና በየገበሬው ጎተራ ይገኛል።

የመኪናው ዝና ሬድ ቦል ኤክስፕረስ ከተባለው የጭነት ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው። በ1944 ክረምት የአሜሪካ ጦር የጀርመንን መስመር ጥሶ ወደ ምሥራቅ ሲገሠግስ ነዳጅና ጥይት ሊደርስለት አልቻለም። የፈረንሳይን ባቡር ሐዲድ የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች ራሳቸው አስቀድመው በቦምብ በጣጥሰውት ነበር። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በካሚዮን ላይ ወደቀ። ከኦገስት 25 እስከ ኖቬምበር 16 ድረስ አንዱ መንገድ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ ተለይቶ፣ ሾፌሮች ቀንና ሌሊት ተመላለሱ። ኦገስት 29 ቀን ብቻ 5,958 ተሽከርካሪዎች 12,342 ቶን አጓጉዘዋል። ከሾፌሮቹ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ያኔ የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭን ለያይቶ ያሰልፍ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ይህ እንዲቀር ያዘዙት በ1948 ነው። ከጦር ግንባሩ ዜና የተረሱት እነዚያ ሾፌሮች የጨበጡት መሪ ዛሬም በእጅ ሊነካ መቻሉ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው የማደስ ምክንያት ነው። በኮሪያ ጦርነትም ይኸው ካሚዮን አገልግሏል። ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ያየው ዓለም ይህ የጂኤምሲ ዓለም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ መኪኖቹ ለብዙ አገር ጦር ተከፋፈሉ። የፈረንሳይ ጦር ለአሥርተ ዓመታት ሲጠቀምባቸው እየፈታ፣ እያጠበ፣ እየገጣጠመ ኖሯል። ሲገጣጥም ደግሞ የአንዱን ሞተር ለሌላው፣ የሌላውን ጋቢና ለሦስተኛው ነው፤ ለጦር ሠራዊት መኪናው ቢሠራ በቂ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጂኤምሲ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የገዛው የበርካታ መኪኖችን ቅልቅል ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ይህ መኪና ሁለት ዓይነት አክስል ተገጥሞለት ወጥቷል። አንደኛው ቲምከን የሠራው ነው፤ የዲፈረንሻል ቤቱ ከሁለት ግማሽ ተጋጥሞ በብሎን የታሰረ ነው። ሁለተኛው የጄኔራል ሞተርስ ሥራ ሲሆን ቤቱ ወጥ ሆኖ ክብ ክዳን አለው። የአንዱ የውስጥ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ይህን ሳይለይ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ከውጭ አገር ያዘዘ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። አሥር መኪና የፈታ ሰው ግን ፎቶውን አይቶ ብቻ የቱ እንደሆነ ይነግረዋል፣ ያውም በነፃ። የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ማኅበር ጥቅም የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳት በፊት ማንነትን ማጣራት ይቀድማል። ጋቢናው ውስጥ የሻንሲ ቁጥርና ለጦሩ የተላለፈበት ቀን የተቀረጸባቸው ትንንሽ ሳህኖች አሉ። ቁጥሩ በሻንሲው ብረት ላይም ተመትቷል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጋቢናው ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ቀለሙ ይኬዳል። የቦኔቱን ጎን በውኃና በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ቀስ እያሉ ሲያሹት ቀለሙ ድርብ በድርብ ይገለጣል፤ ዕድል ከቀና ከሥር የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር ቁጥር ብቅ ይላል። የዚህ ክብደት ካሚዮኖች ቁጥር በ4 ይጀምራል። ቀለሙን በችኮላ በአሸዋ ግፊት የሚጠርግ ሰው ሊመለስ የማይችል ማስረጃ ያጠፋል፤ ስስ ላሜራውም በግፊቱ ይጣመማል። የአሸዋ ግፊት ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ነው።

የነከሰ ሞተርን በጉልበት ማስነሳት ትልቅ ጥፋት ነው። ካንዴላዎቹ ተፈተው በየሲሊንደሩ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይፈስበታል፤ ከዚያ ትዕግሥት ነው። ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያም በእጅ ጥቂት ወዲያ ወዲህ እየተደረገ ይሞከራል። እምቢ ካለ ቴስታታው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የተጣበቀው ፋሻ ወይም የዛገ ቫልቭ እንጂ የተሰበረ ነገር አይደለም፤ በሞተሪኖ ወይም በሌላ መኪና ተጎትቶ ሲገደድ ግን የተጣበቀው ይሰበራል።

ጀማሪ ሰው ሞተሩ ሲነሳ ደስታ ያሰክረዋልና መኪናውን ወዲያው መንዳት ያምረዋል። ልምድ ያላቸው አዳሾች አጥብቀው የሚከለክሉት ይህን ነው። የጂኤምሲ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ዛሬ ባሉ መኪኖች እንዳለው ሁለተኛ መጠባበቂያ መስመር የለም። አንድ ቱቦ ቢቀደድ ወይም በአንዱ ጎማ ያለች ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ብታፈስ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ብዙ ቶን የሚመዝነው ብረትም ያለ ፍሬን ይሄዳል። ስለዚህ ዋናው ፖምፓ፣ የየጎማው ፖምፓ፣ ቱቦና ሸራ ሁሉ ከመጀመሪያዋ ጉዞ በፊት መታደስ አለበት። አሮጌው የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት ብናኙ በአየር ግፊት አይነፋም፤ ሳንባ የሚጎዳ ነው። አሮጌው ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ከፍሬኑ ቀጥሎ የሚያስፈራው ጎማ ነው። ቸርኬው ላይ ጎማውን የሚይዘው ተነቃይ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ዝጎ ወይም በትክክል ሳይቀመጥ ጎማው ሲነፋ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ይህ ማጋነን አይደለም። የሚነፋው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተደርጎ፣ ሰውየው ርቆ ቆሞ በረጅም ቱቦ ነው። ይህንን ከመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ማየት ይሻላል። መጽሐፉም አለ፤ የአሜሪካ ጦር ለሾፌሩና ለመካኒኩ ያሳተመው ቲኤም 9-801 የተባለው መመሪያ ዛሬም ቅጂው ይሸጣል፤ ለአዳሾች የመጀመሪያው ሕግ እርሱ ነው።

መጽሐፍ የማይነግረውን ደግሞ ሰው ይነግራል። በአሜሪካ በ1976 የተቋቋመው የወታደራዊ ተሽከርካሪ ጥበቃ ማኅበር በተለያዩ አገሮች አባላት አሉት፤ እንግሊዝና ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የየራሳቸው ማኅበራት አሏቸው። በየዓመቱ የዕቃ ገበያ ይዘረጋሉ። እኛ ሶማሌ ተራ ገብተን የጠፋ ዕቃ እንደምናፈላልገው እነርሱም በእነዚህ ገበያዎች ካርቡራቶር፣ ጉርኒሲዮን፣ የፊት መብራት ያድናሉ። ከመግዛትና ከመሸጥ ግን የሙያ ልውውጡ ይበልጣል። አንዱ ብየዳ ይችላል፣ ሌላው ካምቢዮ ይፈታል፣ ሦስተኛው ጣውላ ይሠራል። ጣውላው ቀላል ነገር አይደለም። በጦርነቱ መካከል ብረት ለመቆጠብ ሲባል የብረቱ የጭነት ሳጥን በእንጨት ተተክቶ ነበርና ያንን በልኩ ለመሥራት ጥሩ አናጺ ያስፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰው ተሰብስቦ ጋቢና ያነሳል፤ በሌላ ሳምንት የጋቢናው ባለቤት ተራውን የሌላውን ሞተር ሊሸከም ይሄዳል። ሒሳቡ የሚወራረደው በገንዘብ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

በእነዚህ ሰዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ፦ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን ወይስ ለዛሬው መንገድ ይመቻች? ባለ 6 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀይሩ አሉ፤ መብራቱ ይደምቃል፣ ሞተሩ በብርድ ቶሎ ይነሳል። ሌሎች ይህን እንደ ማበላሸት ያዩታል። እኔ የሚመስለኝ፣ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ለውጥ አይጎዳም፤ ብረት የሚቆርጥ፣ ቀዳዳ የሚበሳ ለውጥ ግን መቅረት አለበት። የነዳጁ ጉዳይ ምርጫ የለውም። ኤታኖል የተቀላቀለበት የዛሬ ቤንዚን የዚያን ዘመን ላስቲክ ስለሚበላ የነዳጅ ቱቦውና የፖምፓው ሽፋን በአዲስ ዓይነት ላስቲክ መተካት አለበት።

ቀለም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንጸባራቂ ያልሆነ የወይራ አረንጓዴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ነዳጅ ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ቢበዛ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ መረገጥ አለበት። የድሮ ሾፌሮቻችን ይህንን በደንብ ያውቁታል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ዕውቀት የነበረውና ያለው በጣሊያን ካሚዮኖች ላይ ነው። ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ የተባሉት ካሚዮኖች ከፋብሪካ መለዋወጫ ሲጠፋላቸው በጋራዥ ቶርኖ እየተቀረጸላቸው ሠርተዋል። ያንን ያደረጉ መካኒኮችና ሾፌሮች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ መኪኖቹም በኪሎ እየተመዘኑ ለብረት ማቅለጫ ይሸጣሉ። በግቢያችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ጋራዥ እንዲህ ያለ መኪና ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ጻፉ፣ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ሳህን ፎቶ አንሱ፣ ይሠሩት የነበሩትንም ሰው ፈልጋችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ላሜራ በኋላም ይገኛል፤ እርሳቸው የሚያውቁትን ግን ከሌላ ቦታ አታገኙትምና መጀመሪያ ወደ እርሳቸው ሂዱ።